ጡሩምባው ዝም ያለበት ክረምት

በአንድ ወቅት ሾላ ማዶ በምትባል ትንሽ ከተማ ሦስት ሐኪሞች ይኖሩ ነበር። አብረው ተምረው፣ አብረው ተመርቀው፣ በአንድ አውቶቡስ ነበር ወደ ከተማዋ የመጡት። ከደረሱ በኋላ ግን ሰፈር ተካፍለው የየራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። ዶክተር ምንውየለት ላይ ሰፈር፣ ዶክተር ክንዴ ገበያ ሰፈር፣ ዶክተር ትርንጎ ደግሞ ወንዝ ዳር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው እየቀዘቀዘ ሄደ። አንዱ ያዘዘውን መድኃኒት ሌላው «ይሄማ ውሃ ነው» ይላል። አንዱ ጋ የተመረመረ ደም ሌላው ጋ እንደገና ይመረመራል። በሽተኛው በሦስቱ መካከል ሲመላለስ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ይሞታል።

ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ነፊው አዝመራው የሚባል ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። በየሰፈሩ ጥግ እየቆመ ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል፤ የሰማ ሁሉ ሥራውን ትቶ ለቀብር ይወጣል። በተለይ ክረምት ገብቶ ወባውም ተቅማጡም ሲበረታ፣ አዝመራው ከንፈሩ እስኪያብጥ ድረስ ይነፋ ነበር።

አንድ የመስከረም እሑድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፈንታሁን ሦስቱን ሐኪሞች ወደ ስብሰባው አስጠሯቸው። ጋሽ ፈንታሁን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሲናገሩ አሁንም ተማሪ ፊት እንደቆሙ ሁሉ ጣታቸውን ያነሳሉ።

«ልጆቼ፣ አትቀየሙኝ» አሉ። «እኛ ስንታመም እናንተ ትበላላችሁ። ስንድን ገበያችሁ ይቀዘቅዛል። ክፉ ናችሁ አላልኩም። ግን ገበያው ሲቀዘቅዝ ደስ የሚለው ነጋዴ አይቼ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። ሐኪሞቹ አልሳቁም፤ ሦስቱም ጫማቸውን ተመለከቱ።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ጋሼ?» አለች ዶክተር ትርንጎ።

«እንገልብጠዋ! ከዛሬ ጀምሮ በመርፌና በካርድ መክፈል ቀርቷል። እያንዳንዱ ቤት ለእድሩ እንደሚያዋጣው ሁሉ ለጤናው ያዋጣል። ታመምን አልታመምን ድርሻችሁ አይቀርባችሁም። እናንተም ሦስታችሁ አንድ ማኅበር ሁኑና በሽተኛ መሻማቱን ትታችሁ ሰው እንዳይታመም ጠብቁ።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ አስፋልቱ ዳር ቀሰሩ። እድሩ ለዓመታት ሲያሠራው ኖሮ ገና የተጠናቀቀ የድንጋይ ቤት ቆሟል። «ያንን ቤት የዛሬ ዓመት ዋና ክሊኒክ እናደርገዋለን። ቁልፉን የሚወስደው ግን አንዳችሁ ናችሁ። ከተማዋን ከሁሉ አብልጦ የጠበቀው ይወስዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ በእሱ አሠራር ይሠራሉ።»

«ማን አብልጦ እንደጠበቀ በምን ይታወቃል?» አለ ዶክተር ክንዴ።

ጋሽ ፈንታሁን ወደ አዝመራው ዞሩ። «በዚህ ሰውዬ ከንፈር! ከማን ሰፈር ጥቂት ሬሳ እንደወጣ እሱ ያውቃል።»

ቁልፉ በገመድ ታስሮ አዝመራው አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ዓመቱን ሙሉ ይዞት እንዲከርምና በመጨረሻ ለሚገባው ሐኪም በእጁ እንዲሰጥ አደራ ተባለ። ጡሩምባው የት የት እንደተነፋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ሁሉም ተስማማ።

አንድ ነገር ግን ያን ቀን ማንም አላነሳም። በሾላ ማዶ ልማድ ጡሩምባ የሚነፋው ከከተማዋ ለሚወጣ አስከሬን ብቻ ነው። ርቆ ሄዶ ሞቶ እዚያው ለተቀበረ ሰው አይነፋም። ለእንዲህ ያለው ሽማግሌዎች በማለዳ ወደ ቤተሰቡ ሄደው ቀስ ብለው መርዶ ይነግራሉ፣ በቃ። ሁሉም የሚያውቀው ልማድ ነበር። ያን ቀን ግን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ዶክተር ምንውየለት ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቁን ተወ። ቦት ጫማ ገዛና ላይ ሰፈርን ቤት ለቤት ይዞራት ጀመር። በየበረንዳው ደም ግፊት ይለካል፤ የደም ዓይነትም ይመዘግባል። የሚጠጣውን ውሃ ያያል። ጎረምሶችን ሰብስቦ የወባ ትንኝ የሚራባበትን ኩሬ ያስደፍናል። ቀስ በቀስ ወጥ እስከ መቅመስ ደረሰ። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩት «ዶክተር ጨው መጣ፣ ጨውሽን ደብቂ!» ይባባላሉ። እሱም እየሰማ ይገባል፤ ወጡን በጣቱ ይቀምሳል። «እትዬ፣ ይሄ ወጥ ነው ወይስ አሞሌ?» ይላል። እየሳቁም እየተቆጡም ጨው ቀነሱ። በላይ ሰፈር በወባ የሚወድቅ ሰው እያነሰ፣ በድንገት ግማሽ አካሉ የሚሰንፍበት ሰው እየጠፋ ሄደ። የክሊኒኩ ደጅ አግዳሚ ወንበር አቧራ ለበሰ። ዶክተር ምንውየለት አልፎ አልፎ ብቅ ሲል አቧራውን በጣቱ ጫር ያደርገውና ደስ ብሎት ተመልሶ ይሄዳል።

የዶክተር ክንዴ መሣሪያ ስልክ ነበር። የትኛው በሽተኛ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚወስድ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደሚጨርስ በቃሉ ያውቃል። ስኳር ላለበትም፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለጀመረውም ጠዋት ጠዋት ይደውላል።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ፣ ዶክተር።»

«ውሃው ሲንቆረቆር አልሰማሁም።»

«ኧረ በቃ! እሺ፣ አሁን እውጣለሁ!»

የከተማዋ አቅም የማይችለው በሽታ ሲገጥመው ደግሞ ጊዜ አያጠፋም። የአምቡላንሱን ሾፌር፣ የትልቁን ሆስፒታል ዘበኛ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን፣ ሁሉንም ያውቃቸዋል። ዱሮ በሽተኛ የሚላከው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነበር፤ ክንዴ ግን ሳይረፍድበት ይልካል። ስለዚህ ድነው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ያልተመለሱም አሉ። አባ ይርዳው የሚባሉ ጉበታቸው የተጎዳ ሽማግሌ እጁን ይዘው «ልጄ፣ እባክህ ቤቴ ልሙት» ብለው ለምነውት ነበር። ላካቸው። እዚያው ሞቱ፣ እዚያው ተቀበሩ። በማለዳ መርዶ ተነገረ፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ስለ ልማዱ ዶክተር ክንዴ ትዝ ያለው ያን ጠዋት ነው። ለማንም አልተናገረም። የላክኋቸው ተስፋ ስላላቸው ነው አለ ለራሱ። ተስፋ አልነበራቸውም፤ ይህንንም ያውቅ ነበር።

ዶክተር ትርንጎ ሰው አትመልስም ነበር። የዶክተር ጨው ምክር የሰለቸው ከላይ ሰፈር፣ የሆስፒታሉን መንገድ የፈራው ከገበያ ሰፈር፣ ሁሉም ወደ እሷ ይወርዳል። «የማን ሰፈር ነህ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሌላው አይተርፍም ያለውን ትቀበላለች። አንዳንዱ በእግሩ ይወጣል፤ አንዳንዱ አልጋዋ ላይ ይሞታል፣ ያኔ ጡሩምባው ወንዝ ዳር ይነፋል። የሌላ ሰፈር ሰው እንኳ እሷ ጋ ከሞተ በእሷ ላይ ይቆጠራል። አንድ ቀን ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ወጥታ ሳለ፣ ከኋላዋ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «እዚያ የገባ በጡሩምባ ነው የሚወጣ» ስትል ሰማች። ትርንጎ ሽንኩርቷን ገዝታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ግን በቃሬዛ የመጣ ሰው ስታይ፣ ከመቀመጫዋ ከመነሳቷ በፊት ትንሽ ትቆይ ጀመር። ትንሽ ብቻ።

እንዲያም ሆኖ ዓመቱ ጥሩ ዓመት ነበር። ይህን መካድ አይቻልም። ሦስቱ ሐኪሞች እንደገና አብረው ሻይ መጠጣት ጀመሩ። የአንዱን መድኃኒት ሌላው ውሃ ነው ማለት ተወ። አንድ ጊዜ የተመረመረ ደም ሁለተኛ አይመረመርም። ከሰኔ በኋላማ ጡሩምባው ጨርሶ ዝም አለ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም ተጋመሰ፤ ወንዝ ዳር ሳይቀር ጸጥ አለ። የጎረቤት ከተማ ሰዎች «እንዴት አድርጋችሁ ነው?» እያሉ ለማየት ይመጡ ጀመር።

እንደ አዝመራው የተደሰተ ግን የለም። በሩ ላይ ተቀምጦ ጡሩምባውን በጨርቅ ይወለውላል። ሐኪሞቹ ሲያልፉ «ሥራ አስፈታችሁኝ፤ ልከሳችሁ ነው!» ይላቸዋል። ዱሮ መንገድ ላይ ሲያዩት ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሁን «ዝም እንዳሰኘህ ይክረም!» እያሉ ይመርቁታል። ይህ ምርቃት ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሚስቱ ብርቄ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እግሯ አበጠ።

«አዝመራው፣ ራሴን ይፈልጠኛል» አለችው።

«ጡሩምባ ስላልሰማሽ ነው፤ ለምደሽው።»

«አንተ ሰው!» ብላ በጨርቁ መታችው። ሳቁ።

ከሳቁ በኋላ አዝመራው ጡሩምባውን መወልወሉን ቀጠለ። «ጳጉሜን እንለፋት እስቲ» አላት። «ክረምቱ እንዲህ አምሮ ሊያልቅ ሲል ከጡሩምባ ነፊው ቤት በሽታ ወጣ እንዳይባል። እርጉዝ መቼም ያብጣታል።»

እሺ አለችው። እሷም ክረምቱ እንዲያምር ትፈልግ ነበር።

በጳጉሜ መጀመሪያ ዶክተር ምንውየለት ቤት ለቤት ሲዞር እነ አዝመራው በረንዳ ላይ የብርቄን ደም ግፊት ለካ። ፊቱ ተለወጠ። «ነገ ጠዋት ክሊኒክ ነይ፤ በደንብ ልየው። እንዳትቀሪ» አላት። በማግስቱ ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። በሩ ዝግ ነበር። ዶክተር ምንውየለት ከጎረቤት ከተማ ለመጡ እንግዶች የተደፈኑትን ኩሬዎች እያሳየ ነበር። ከክሊኒኩ ፊት ካለው ቦይ ማዶ ሆኖ አቧራማው ወንበር ላይ መቀመጧን አየ። ብርቄ መሆኗንም ለየ። ይህቺን ኩሬ አሳይቼ ልሂድ አለ በልቡ። ከእንግዶቹ አንዱ ጥያቄ ጠየቀው፤ ሌላውም ጠየቀው። ዞር ብሎ ሲያይ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ብርቄ ወደ ወንዝ ዳር ወረደች። ዶክተር ትርንጎን አልጋዎቿ ሁሉ ተይዘው፣ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ስትሮጥ አገኘቻት። ትርንጎ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት አየቻት፤ ያበጠ ፊቷን አየች። ይህ ምን እንደሆነ ለማወቅ የግድ መለካት አያስፈልጋትም ነበር። በዓመቱ ውስጥ ለማንም ብላ የማታውቀውን ነገር አለች።

«የላይ ሰፈር ሰው አይደለሽ? ከመጀመሪያው ሲያይሽ የነበረው ምንውየለት ነው። እሱ ጋ ሂጂ፤ ካጣሽው ክንዴ መኪና ያገኝልሻል።»

«እሺ፣ ዶክተር። ይቅርታ፣ በሥራሽ መጣሁብሽ» አለች ብርቄ።

ብርቄ እያረፈች አቀበቱን ወጥታ ገበያ ሰፈር ደረሰች። ዶክተር ክንዴ ወዲያው ለካትና ስልኩን አነሳ። አምቡላንስ ጠራ፤ አዝመራውን አስጠራ፤ ሆስፒታል ደወለ።

«ዶክተር፣ ከላይ ሲዘንብ ነው ያረፈደው» አለ ሾፌሩ። «የወንዙ መልካ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። እዚሁ ዶክተር ትርንጎ ጋ ብትተኛስ?»

«ሳይሞላ እንሻገራለን። ንዳ» አለ ክንዴ። እሱም አብሮ ገባ።

መኪናው ውስጥ አዝመራው ሚስቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዛት።

«ቁልፉን ዞር አድርገው፤ ፊቴን ወጋኝ» አለችው።

ቁልፉን ወደ ጀርባው አዞረው። ከዚያ በኋላ ብርቄ አልተናገረችም። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ክንዴ በጎኗ አስተኛትና እስትንፋሷ እንዳይዘጋ በሁለት እጁ ይዟት ተንበረከከ።

መልካው ሞልቶ ነበር። ቡናማው ውሃ ግንድ ይዞ ይወርዳል።

«በላይኛው መንገድ እንዙር? ሩቅ ነው፣ ግን ያደርሰናል» አለ ሾፌሩ።

ክንዴ በዚያ መንገድ ከሄዱ ብርቄ እንደማትተርፍ ያውቃል። ከከተማዋ ውጭ እንደምትሞትም ያውቃል። አዝመራው አንገት ላይ ያለውን ገመድ ተመለከተ።

«ተመለስ» አለ። «ወደ ትርንጎ።»

ትርንጎ መኪናውን ስታይ አልቆየችም። በሽተኛ ከአልጋ አስነስታ ብርቄን አስተኛች። ክንዴ የሆስፒታሉን ቀዶ ሐኪም በስልክ አገናኛት፤ እሱ እየነገራት እሷ ትሠራለች። ምንውየለት ወሬውን ሰምቶ በጭቃው እየሮጠ ወረደ፤ ደም ያስፈልጋል ሲሉት ደግሞ ተመልሶ በዝናቡ ወጣ። የማን ደም ከማን እንደሚስማማ ቤት ለቤት ሲዞር አውቆታል። በየቤቱ ወጥ የቀመሰ ሰው ነውና በሩን የዘጋበት አልነበረም። ደም የሚሰጡ ጎረቤቶች ከኋላው ተከትለውት መጡ።

ሕፃኗ ተወለደች፤ አለቀሰች። የእናቷ ደም ግን ሊቆም አልቻለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርቄ አረፈች።

ምንውየለት ደሙን ባያመጣ፣ ክንዴ ከመልካው ባይመለስ፣ የትርንጎ እጅ ባይኖር፣ ሕፃኗም አትኖርም ነበር ይላሉ ያዩት። ምንውየለት ቦዩን ቢሻገር፣ ትርንጎ አልጋ ብትፈልግ፣ ክንዴ ሾፌሩን ቢሰማ፣ እናትየውም ትኖር ነበር ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

በማግስቱ ጋሽ ፈንታሁን ወደ አዝመራው ቤት ሄዱ። «ዛሬ ሌላ ሰው ይንፋ፣ ልጄ።»

«ብርቄን ሌላ ሰው አይጠራትም፣ ጋሼ» አለ።

ጡሩምባውን አንስቶ ሰፈሩ ጥግ ላይ ቆመ። ጉንጩን ሞልቶ ነፋ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ነፋ። ጎንበስ ብሎ ቢያየው ተርብ ውስጡ ቤት ሠርታበታለች። ክረምቱን ሙሉ ሲወለውል የከረመው ውጭውን ብቻ ነበር። በእንጨት እየጫረ የደረቀውን ጭቃ መሬት ላይ አራገፈው። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አደይ አበባ ሊለቅሙ የወጡ ልጃገረዶችም ቆመዋል። ከዚያ ነፋው፤ ስሟንም ጠራ።

መስከረም ገብቶ የለቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ እድሩ በድንጋዩ ቤት ፊት ተሰበሰበ። አዝመራው ሕፃኗን ታቅፎ መጣ። ጋሽ ፈንታሁን ጣታቸውን አንስተው ስለ ዓመቱ መናገር ጀመሩ። በወባ የወደቀው እንዳነሰ፣ በተቅማጥ የሞተ ሕፃን እንደሌለ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ እንደጠፋ ተናገሩ። «በዚህ ክረምትም የቀበርነው...» ብለው ጣታቸውን አወረዱ። አልጨረሱትም።

«ቁልፉ ለዶክተር ጨው ነው!» አሉ ላይ ሰፈር የሚኖሩት እትዬ ማንጠግቦሽ። «ጨዌን ነጥቆኝ ነው ዛሬ በእግሬ የመጣሁት። ካልታመምኩ ምን ሐኪም ያስፈልገኛል?»

«የእኔ ልጅ ልቡን ታክሞ የተመለሰው በማን ስልክ ነው?» አለ አንድ የገበያ ሰፈር ልብስ ሰፊ። «በጨው ነው? ለክንዴ ይገባል።»

«እናንተ አይተርፍም ብላችሁ የተዋችሁትን ሁሉ ማን ሲያነሳ ነበር?» አለች አንዲት የወንዝ ዳር ሴት። «ጡሩምባውን እሷ ላይ እየነፋችሁ፣ ሬሳችሁን እሷ ጋ እያመጣችሁ! ለትርንጎ ነው።»

ዶክተር ምንውየለት ተነሳ። «ለእኔ አይገባም» አለ። «ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አይቻታለሁ። እሷ መሆኗን እያወቅሁ ኩሬ ሳሳይ ነበር።»

ዶክተር ትርንጎም ተነሳች። «እኔ ጋ መጥታ ነበር። እጇን እንኳ አልነካሁም። አልጋ ጠፍቶ አይደለም፤ ከመኪናው ስትወርድ አልጋ አግኝቼላታለሁ። ጡሩምባውን ፈርቼ ነው።»

ዶክተር ክንዴ ተቀምጦ ነው የተናገረው። «መላኬ ልክ ነበር። ለእሷ ብዬ ልላካት፣ ለጡሩምባው ብዬ፣ እስከ ዛሬ ራሴን እየጠየቅሁ ነው። የእሷን አላውቅም። የአባ ይርዳውን ግን አውቃለሁ።»

«ዱሮ በሽተኛ ትሻሙ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጥፋት ትሻማላችሁ?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«በጡሩምባው ይለካ ያልኩት እኔ...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ፈንታሁን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ተዉ» አለ አዝመራው። «ለእኔ ሳታስተርፉልኝ ልትወስዱት ነው? ጳጉሜን እንለፋት ያልኳት እኔ ነኝ። እሺ ያለችኝም እኔን ነው።»

አዝመራው የተኛችውን ሕፃን ነጠላ አስተካከለ። በመጨረሻ ጋሽ ፈንታሁን፣ ያለ ጣታቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ቤቱ ተዘግቶ መቅረት የለበትም። ነገ የሚታመም ሰው አለ። ለሦስቱም እንስጥ እንዳንል ብርቄ የወደቀችው በሦስቱ መካከል ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲልካት። አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። አደራው አንተ ጋ ነው፣ አዝመራው። ጥፋት የሌለበት ፈልገህ አታገኝም። ግን አንዱን ምረጥ።»

አዝመራው ገመዱን ከአንገቱ አወጣ። ቁልፉን ሲያወርድ ሕፃኗ ነቅታ ገመዱን በትንሽ እጇ ጨበጠችው፤ ሊያስለቅቃት አልፈለገም። እንደታቀፋት ወደ ሦስቱ ሐኪሞች ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

ለምንውየለት ቢሰጠው፣ እንደ ብርቄ ያሉት ሳይታመሙ በፊት በረንዳቸው ላይ ይደረስላቸዋል፤ ታመው የመጡ ቀን ግን በሩ ክፍት መሆኑን ማን ያውቃል? ለክንዴ ቢሰጠው ማንም ሳይረፍድበት ወደሚድንበት ይላካል፤ የሚላከው ግን ለማን ተብሎ እንደሆነ ላኪው ራሱ አያውቅም። ለትርንጎ ቢሰጠው በሩ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ የተዘጋው በአንዲት ሴት ላይ ብቻ ነው። ያቺ አንዲት ግን የእሱ ሚስት ነበረች።

ሦስቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል።

ይህቺ ልጅ አድጋ፣ በድንጋዩ ቤት ደጅ ስታልፍ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ቁልፉን ለማን ሰጠኸው? ለምን ለእሱ?» ማለቷ አይቀርም። እናንተ በአዝመራው ቦታ ብትሆኑ፣ ልጅቷንም ቁልፉንም እንደያዛችሁ፣ እጃችሁን ወደ ማን ትዘረጉ ነበር? ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?